በዲሲ ምክር ቤት ቃልዎን ለማሰማት፦ የት፣ መቼ፣ እንዴት

የዋሽንግተን ዲሲ ምክር ቤት ሁለት ዓይነት ስብሰባ አለው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ሕግ የሚጸድቅበት ጉባኤ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ፣ ፔንሲልቬንያ አቬኑ ቁጥር 1350 በሚገኘው የዊልሰን ሕንፃ፣ 500 ቁጥር አዳራሽ ይካሄዳል። እዚያ የሚናገሩት 13ቱ የምክር ቤት አባላት ናቸው፤ ነዋሪ ገብቶ ማየት ይችላል፣ ማይክ ግን አይሰጠውም። ሁለተኛው ኮሚቴዎች የሚጠሩት፣ ሁላችንም «ሂሪንግ» የምንለው መድረክ ነው። ነዋሪ የሚናገረው እዚህ ነው። ከሥራ አስፈቅዶ ማክሰኞ የሄደ ሰው አንድ ቃል ሳይተነፍስ የሚመለሰው ሁለቱን ስላልለየ ነው።

ረቂቅ ሕግ ማክሰኞ ጉባኤ ላይ ሲደርስ አባላቱ በአብዛኛው አቋማቸውን ይዘዋል። የነዋሪ ቃል ሥራ የሚሠራው ኮሚቴው ረቂቁን ገና እያገላበጠ፣ የትኛው አንቀጽ ይውጣ የትኛው ይግባ እያለ ባለበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ዋናው ነገር ቀድሞ መድረስና የሚፈልጉትን በስሙ ጠርቶ መጠየቅ ነው።

ሂሪንግ ላይ ለመናገር ዜጋ መሆን አያስፈልግም። ስለ መኖሪያ ፈቃድ ይጠየቃሉ ብሎ መፍራትም አያስፈልግም። ይህን ባለማወቅ ብቻ ዓመታት ዝም ያሉ የታክሲ ሾፌሮች፣ ተከራዮችና የምግብ ቤት ሠራተኞች አሉ፤ ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ እንዳይረሳ እንፈልጋለን።

የሚወክሉዎ ስድስት ሰዎች

ዲሲ በ8 ዋርድ ተከፍላለች። እያንዳንዱ ዋርድ አንድ ተመራጭ አለው፤ ሌሎች አራት አባላት በመላው ከተማ ይመረጣሉ፤ ሊቀ መንበሩም እንዲሁ። ስለዚህ አንድ ነዋሪ የሚወክሉት ስድስት ናቸው። ለዋርዱ ተመራጭ ብቻ ጽፎ መቀመጥ አምስቱን መተው ነው፤ በተለይ ጉዳይዎን የሚያየውን ኮሚቴ የሚመራው ከአምስቱ አንዱ ከሆነ።

በየቢሮው የነዋሪዎችን አቤቱታ የሚከታተል ሠራተኛ አለ። ቆሻሻ ካልተነሣልዎ፣ የንግድ ፈቃድዎ አንድ ጠረጴዛ ላይ ከተኛ፣ የቤት ድጎማ ማመልከቻዎ መልስ ካጣ፣ ሂሪንግ መጠበቅ የለብዎትም። መጀመሪያ የከተማው የአገልግሎት ስልክ ወደሆነው 311 ደውለው የጥያቄ ቁጥር ይያዙ፣ ካልተፈታ ቁጥሩን ይዘው ለዚያ ሠራተኛ ይጻፉ። ሂሪንግ የሚያስፈልገው ችግሩ የእርስዎ ብቻ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱ አሠራር ሲሆን፣ ወይም ሕግና በጀት መለወጥ ሲኖርበት ነው።

ከምክር ቤቱ በፊት ኤኤንሲ

ከዋርዱ በታች ደግሞ ኤኤንሲ የሚባለው የሰፈር አማካሪ ኮሚሽን አለ። ከተማዋ በ46 ኮሚሽኖች፣ ኮሚሽኖቹም በጠቅላላው በ345 ትንንሽ የምርጫ ክልሎች ተከፍለዋል። አንዷ ክልል ወደ 2,000 ሰው ይኖርባታል፤ አንድ ኮሚሽነር ትመርጣለች፤ ኮሚሽነሩ ደመወዝ የለውም፤ ዘመኑ ሁለት ዓመት ነው። ብሎክዎን የሚያውቅ፣ ስልክ የሚያነሣ፣ ምናልባትም ከጎንዎ የሚኖር ተመራጭ ማለት ነው።

ሰዎች ኤኤንሲን ይንቁታል፤ ሕግ ማውጣት አይችልማ። ሕጉ ግን ለኮሚሽኑ ምክር «ታላቅ ክብደት» እንዲሰጥ ያዛል። በተግባር ምን ማለት ነው? ኮሚሽኑ በይፋ በተጠራ፣ ምልአተ ጉባኤ በተሟላበት ስብሰባ ድምፅ ሰጥቶ ያሳለፈውን ውሳኔ በጽሑፍ ሲልክ፣ የከተማው መሥሪያ ቤት እያንዳንዱን ነጥብ ለይቶ በጽሑፍ መመለስ አለበት። የግድ መስማማት አይጠበቅበትም፤ አላየሁም ማለት ግን አይችልም። አንድ ነዋሪ ብቻውን ደብዳቤ ቢጽፍ ይህን መብት አያገኝም።

የመጠጥ ፈቃድ፣ የእግረኛ መንገድ ላይ የሚወጣ የካፌ ጠረጴዛ፣ የዞኒንግ ልዩ ፈቃድ፣ የመኪና ማቆሚያ ለውጥ፣ ታሪካዊ ቤት እድሳት፣ እነዚህ ሁሉ በኤኤንሲ በኩል ያልፋሉ። ምግብ ቤት ለሚከፍት ሰው ይህ የመጀመሪያ ደጃፍ ነው። የመጠጥ ፈቃድ ሲጠየቅ በመስኮቱ ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ ተቃውሞ የሚቀርብበትን የመጨረሻ ቀን ይዟል። ጎረቤት ስለ ሙዚቃ፣ ስለ ቆሻሻና ስለ መዝጊያ ሰዓት የሚሰጋ ከሆነና ሕጉ የመቃወም መብት ከሰጠው እስከዚያ ቀን መቃወም ይችላል፤ ኤኤንሲውም እንዲሁ። ባለቤቱ ግን ማስታወቂያው ከመለጠፉ በፊት ኮሚሽነሩን ቢያገኝ፣ «ሙዚቃ በዚህ ሰዓት ይቆማል፣ ቆሻሻ በዚህ ሰዓት ይወጣል» ብሎ የስምምነት ጽሑፍ ላይ ቢነጋገር፣ ወራት የሚፈጀው ክርክር በአንድ ምሽት ሊያልቅ ይችላል። የስምምነቱን ጽሑፍ ሳያነቡ መፈረም ግን ትልቅ ጉዳት ያመጣል። አንዴ ከፈቃዱ ጋር ከተያያዘ የፈቃዱ ግዴታ ይሆናልና፣ ቤቱ ሊፈጽመው የማይችለው የሰዓት ገደብ ውስጡ ካለ ቅጣቱ በኋላ ይመጣል።

ኤኤንሲዎች በዓመት ቢያንስ 9 ጊዜ መሰብሰብ አለባቸው። አብዛኞቹ በወር አንድ ምሽት፣ ብዙዎቹም በዙም ይሰበሰባሉ፤ በኦገስት የሚያርፉ ብዙ ናቸው። አድራሻዎን አስገብተው የትኛው ኮሚሽን እንደሆኑ በኤኤንሲዎች ጽሕፈት ቤት ድረ ገጽ ላይ ማየት ይቻላል፤ «1ቢ» ወይም «4ሲ» የሚል መለያ ያገኛሉ። አጀንዳ ላይ መግባት ከፈለጉ ከስብሰባው ሁለት ሳምንት ያህል ቀድመው ለኮሚሽነርዎ ይጻፉ። አጀንዳ ላይ ባይኖሩም ነዋሪዎች ሐሳብ የሚሰጡበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን በዚያ ምሽት የተነሣ አዲስ ጉዳይ ላይ ድምፅ እንዲሰጥ መጠበቅ የዋህነት ነው። ኮሚሽነሩን ቀድመው አግኝተው፣ የሚፈልጉትን ውሳኔ አምስት ስድስት መስመር አድርገው ረቂቁን ቢሰጡት ሥራውን ግማሽ አቀለሉለት ማለት ነው።

ትክክለኛውን ሂሪንግ ማግኘት

ምክር ቤቱ ሂሪንጎቹን በራሱ ድረ ገጽ የቀን መቁጠሪያና «ሊምስ» በሚባለው የሕጎች ማኅደር ላይ ያወጣል። ለረቂቅ ሕግ ሂሪንግ ሲጠራ ማስታወቂያው በአብዛኛው 15 የሥራ ቀን ቀድሞ ይወጣል፤ በአጭር ጊዜ የሚጠራም አለ፤ ስለዚህ ሳምንት አንዴ ማየት ልማድ ይሁን። ረቂቆች ቁጥር አላቸው፦ በ2025 እና 2026 የቀረቡት «ቢ26» ብለው ይጀምራሉ። ቁጥሩን መያዝ ጠቃሚ ነው፤ ምክንያቱም በአንድ ርእስ ሦስት አራት ተመሳሳይ ረቂቅ ሊኖር ይችላል፣ «የኪራዩን ሕግ እቃወማለሁ» ያለ ሰውም የትኛውን እንደሆነ ሰሚው ላያውቅ ይችላል።

ረቂቅ ሕግ ከሌለስ? እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማያውቀው ትልቅ በር አለ። በየዓመቱ ከጃንዋሪ እስከ ማርች አካባቢ እያንዳንዱ ኮሚቴ የሚቆጣጠራቸውን መሥሪያ ቤቶች አንድ በአንድ ጠርቶ ስለ ዓመቱ ሥራቸው ይጠይቃል። ይህ የሥራ አፈጻጸም ክትትል ሂሪንግ ነው። ታክሲና ለኪራይ የሚሠሩ መኪኖችን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት፣ የመንገዱ፣ የቤቶቹ፣ የትምህርት ቤቱ፣ ሁሉም ይቀርባሉ። ርእሱ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ በሙሉ ስለሆነ ማንኛውም ቅሬታ ከርእሱ አይወጣም። ከዚህም በላይ በአብዛኛው ነዋሪዎች ቀድመው ይናገራሉ፣ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ በመጨረሻ ይቀርባል። እርስዎ ጠዋት ያነሡትን ጥያቄ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ከሰዓት በኋላ ኃላፊውን ፊት ለፊት ሊጠይቀው ይችላል። ነዋሪ ከመሥሪያ ቤት ኃላፊ በቃለ መሐላ መልስ የሚያገኝበት እንዲህ ያለ ዕድል በዓመት ውስጥ ሌላ የለም ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

ከዚያ የበጀት ሂሪንግ ይከተላል። የከተማዋ የበጀት ዓመት ኦክቶበር 1 ይጀምራል፤ ከንቲባው ረቂቁን በፀደይ ይልካል፤ ምክር ቤቱ ከክረምት ዕረፍቱ በፊት ያጸድቃል። ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር ካለዎት ጊዜው ይህ ነው። «ለሰፈራችን በቂ ገንዘብ ይመደብ» የሚል ቃል ወዴትም አይሄድም። ኮሚቴው ማዛወር የሚችለው በሚቆጣጠራቸው መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ያለ ገንዘብ ስለሆነ፣ የመሥሪያ ቤቱን ስም፣ የፕሮግራሙን ስምና የሚጠይቁትን መጠን ይዘው ይቅረቡ። ትንሽና ግልጽ ጥያቄ ከትልቅና ደብዛዛ ጥያቄ ይልቅ ኮሚቴው ሊይዘው ይቀለዋል።

ከጁላይ 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ምክር ቤቱ ዕረፍት ላይ ነው። በዚያ ጊዜ ሂሪንግ መጠበቅ ከንቱ ነው፤ የቢሮ ሠራተኞችን ቀጠሮ ይዞ ለማነጋገር ግን ከዓመቱ ሁሉ የተሻለው ወቅት እሱ ነው።

ምዝገባና አስተርጓሚ

ምዝገባው በምክር ቤቱ የሂሪንግ ገጽ ላይ ነው። የመጨረሻው ቀንና ሰዓት በማስታወቂያው ላይ ተጽፏል፤ ኮሚቴው ይለያያል፣ ዕለቱ ራሱ ላይ ሲደርሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተዘግቷል። ኮሚቴዎች ስማቸውም የሚቆጣጠሩት መሥሪያ ቤትም በየሁለት ዓመቱ ስለሚለዋወጥ፣ ባለፈው ጊዜ የተመዘገቡበት ኮሚቴ ዘንድሮ ጉዳይዎን ላይዝ ይችላል።

ሁለት ነገሮች በተለይ ለእኛ ሰው ያስቸግራሉ። የመጀመሪያው ስም ነው። ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ሲል አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይጽፋል፤ ዙም ላይ ደግሞ የልጁ ወይም የስልኩ ስም ይወጣል። የኮሚቴው ሠራተኛ ዝርዝሩን ይዞ ስምዎን ሲፈልግ ካጣ ወደ መናገሪያው አያስገባዎትም፤ ተራዎም ያልፋል። የተመዘገቡበትን ስም፣ በዚያው በእንግሊዝኛ ፊደል አጻጻፍ፣ ዙም ላይ ቀድመው ያስተካክሉ። ሁለተኛው ሰዓት ነው። ሂሪንግ በ9፡30 ይጀምራል ማለት በእኛ ከጠዋቱ 3፡30 ነው። በቫይበርና በቴሌግራም ለቡድን መልእክት ሲልኩ «ጠዋት 3፡30፣ በአሜሪካ አቆጣጠር 9፡30» ብለው ሁለቱንም ይጻፉ። አንዱን ብቻ የጻፈ ቡድን ግማሹ ሰው የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው።

በአማርኛ መናገር ይቻላል። ዲሲ በ2004 ያወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ነዋሪዎች አገልግሎት በቋንቋቸው እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ አማርኛም ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ለምክር ቤት ሂሪንግ ግን አስተርጓሚ በራሱ አይመጣም፤ መጠየቅ አለበት። በማስታወቂያው ግርጌ ስለ ትርጉም የሚናገር አንቀጽና የኮሚቴው አድራሻ አለ፤ ብዙ ጊዜ አምስት የሥራ ቀን ቀድሞ መጠየቅ ይበቃል፣ ቀደም ማለት ግን አይጎዳም። የሥራ ቀን መሆኑን ልብ ይበሉ፦ ለሰኞ ሂሪንግ ባለፈው ረቡዕ መጠየቅ ሦስት ቀን ብቻ ነው። ጥያቄውን በኢሜይል ያድርጉ፤ «አማርኛ» ብለው ቋንቋውን በግልጽ ይጥቀሱ፤ የሚናገሩትን ጽሑፍም ለአስተርጓሚው እንዲደርስ አብረው ይላኩ። «የኪራይ ቁጥጥር» ወይም «የመግዛት ቅድሚያ መብት» የሚሉትን ቃላት መጀመሪያ የሚሰማው እዚያው ከሆነ ሊስታቸው ይችላል። የትርጉሙ ጊዜ ከእርስዎ ደቂቃ ላይ ይቀነስ እንደሆነም በዚያው ኢሜይል ይጠይቁ።

ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ አይመከርም። የቤት ኪራይ ክርክርን ወይም የእናቱን ሕመም አንድ የ13 ዓመት ልጅ በካሜራ ፊት መተርጎም የለበትም። ደግሞም ልጁ ያልገባውን ይዘለዋል፣ እርስዎም አያውቁም።

ሦስቱ ደቂቃ

ለግለሰብ በተለምዶ 3 ደቂቃ፣ ድርጅትን ለሚወክል 5 ደቂቃ ይሰጣል፤ የሰው ብዛት ካስገደደ ይቀነሳል። በረጋ ንባብ 3 ደቂቃ በአማርኛ 250 ቃል አካባቢ ነው። አስተርጓሚ እየተከተለ ከሆነና ጊዜ ካልተጨመረልዎ 120 ቃል ይያዙ። በስልክዎ ሰዓት ይዘው ጮክ ብለው ያንብቡት፤ በልብ ማንበብ ሁልጊዜ ያጥራል።

በባህላችን ንግግር በሰላምታና በምስጋና ይከፈታል፤ ታላላቆችን ማክበርም ያስፈልጋል። ነገር ግን ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ከ«እንደምን አደራችሁ» ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ምስጋና ይበቃል። ሌላው ልማዳችን ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ እያነሡ ጥያቄውን በመጨረሻ ማስቀመጥ ነው። ደወሉ ጥያቄዎን ሳይናገሩ ከጮኸ አባላቱ ምን እንደፈለጉ ሳያውቁ ይሸኙዎታል። ስለዚህ ጥያቄው ከፊት ይምጣ።

ለምሳሌ በክትትል ሂሪንግ ላይ ስለ መንገድ መብራት የሚናገር የዋርድ 4 ነዋሪ እንዲህ ሊጀምር ይችላል፦

«ስሜ እገሌ ነው፤ በዋርድ 4 እኖራለሁ። የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ በቤቶች ጀርባ ባሉ አሊዎች የጠፋ መብራት በስንት ቀን እንደሚጠግን በጽሑፍ እንዲያሳውቅ፣ ሳይጠገን ‹ተጠናቋል› ተብሎ የሚዘጋ ጥያቄም እንዲቆም ኮሚቴው እንዲጠይቅልን እፈልጋለሁ። በእኛ አሊ ሦስት መብራት ጠፍቷል። ኦክቶበር 8፣ ኖቬምበር 2 እና ዲሴምበር 15 ለ311 አመልክተናል፤ ቁጥሮቹ በጽሑፌ ላይ አሉ። ሁለቱ ተዘግተዋል። መብራቱ ዛሬም አልበራም። ከምሽት ሥራ የሚመለሱ ጎረቤቶቻችን በስልክ መብራት ነው በሩን የሚከፍቱት።»

ይህ ወደ 60 ቃል ነው። ጥያቄው ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ አለ። ቀኖቹና ቁጥሮቹ ኃላፊው «አልደረሰንም» እንዳይል በሩን ይዘጉበታል። የስልኩ መብራት ደግሞ አድማጩ ቤቱ ድረስ የሚወስደው ነገር ነው፤ እንዲህ ያለ አንድ የታየ ነገር ይበቃል፣ አምስት ሲሆን ይደበዝዛል። በቀረው ጊዜ ጥያቄውን ደግመው ያጠቃሉ። ደወሉ ቢቀድምዎ ጥያቄውን ተናግረዋል፤ የቀረው በጽሑፍ ይገባል።

በእድር ወይም በማኅበር ስም ሲመጡ ሁሉንም በአንድ ሽማግሌ ማስነገር ለእኛ ተፈጥሯዊ ነው። እዚህ ግን ስድስት ሰው ስድስት የተለያየ ነጥብ ቢያነሣ የበለጠ ይሰማል፦ አንዱ ቁጥሩን፣ አንዷ ልጇ ላይ የደረሰውን፣ ሌላው የንግዱን ጉዳት። አንድ ዓይነት ጽሑፍ ስድስት ጊዜ ማንበብ ግን ያሰለቻል፤ አራተኛው ሰው ላይ ማንም አይሰማም።

መናገር የሌለበት

የሚናገሩትም የሚልኩትም የሕዝብ ሰነድ ይሆናል። ቪዲዮው ይቀመጣል፣ ጽሑፉ ሊምስ ላይ ይወጣል፣ ከዓመታት በኋላም ስምዎን የፈለገ ሰው ያገኘዋል። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የኢሚግሬሽን ሁኔታና የጉዳይ ቁጥር፣ የልጆች ሙሉ ስም፣ የሕክምና ወረቀት አይስጡ። ከአከራይ ወይም ከአሠሪ ጋር ፍርድ ቤት ያለ ጉዳይ ካለዎት ከመናገርዎ በፊት ጠበቃዎን ይጠይቁ፤ እዚህ ያሉት ቃል እዚያ ሊጠቀስ ይችላል። ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ችግሩን ሊናገር ይችላል፣ የጥገኝነት ታሪኩን መናገር ግን አያስፈልግም።

በዚሁ ላይ አንድ ማሳሰቢያ፦ ዲሲ በ2022 ባወጣችው ሕግ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች በከተማዋ የአካባቢ ምርጫዎች፣ ኤኤንሲን ጨምሮ፣ ከ2024 ጀምሮ መምረጥ ችለዋል። በፌዴራል ምርጫ ግን ፈጽሞ አይችሉም። የዜግነት ማመልከቻ ቅጽ ለመምረጥ ተመዝግበው ያውቁ እንደሆነ ይጠይቃል። ስለዚህ ግሪን ካርድ ያለው ወይም ጉዳዩ ያላለቀ ሰው ከመመዝገቡ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። ሂሪንግ ላይ መናገር ከዚህ ጋር አይገናኝም።

በዕለቱ

ከመምጣትዎ በፊት የተናጋሪዎችን ዝርዝር ይመልከቱ። ከመቶ በላይ ሰው የሚናገርበት ሂሪንግ አለ፤ መቶ ሰው በ3 ደቂቃ አምስት ሰዓት ነው፣ የአባላቱ ጥያቄ ሲጨመር ከዚያም ይበልጣል። ቁጥርዎ 70 ከሆነ ጠዋት ሥራ ገብተው መውጣት ይችሉ ይሆናል፤ ግን የቀደሙዎት ሰዎች ሊቀሩ ስለሚችሉ ቪዲዮውን ከፍተው ተራውን ይከታተሉ።

በአካል የሚመጡ ከሆነ ፌዴራል ትራያንግል የሚባለው የሜትሮ ጣቢያ ቅርብ ነው። መታወቂያ ይያዙ፤ መግቢያው ላይ ፍተሻ አለ። ሂሪንጎች ከ500 ሌላ በ412፣ በ120 እና በ123 ቁጥር ክፍሎችም ይደረጋሉ፤ ማስታወቂያውን አይተው በቀጥታ ወደዚያው ይሂዱ። በዙም ከሆነ ተራዎ ሲቃረብ ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን የ«ተቀበል» ጥያቄ ይጫኑ፤ ያኔ ለአፍታ የተቋረጠ ይመስላል፣ አይውጡ። በስልክ ደውለው የገቡ ሰዎች ድምፃቸውን ለመክፈት ኮከብና 6 ይጫኑ። ቴሌቪዥኑን ወይም ሌላውን ስልክ ያጥፉ፤ የራስዎን ድምፅ ከሰከንዶች በኋላ ሲሰሙ ቃል ይጠፋብዎታል።

ሰዎች በቡድን በቡድን ይጠራሉ። ተናግረው ሲጨርሱ አይነሡ፤ የቡድንዎ ተናጋሪዎች ሁሉ ከጨረሱ በኋላ አባላቱ ይጠይቃሉ። የማያውቁትን ሲጠየቁ «አጣርቼ በጽሑፍ እልካለሁ» ማለት ያስከብራል፣ ከላኩት።

ከዚያ በኋላ

ሂሪንጉ ሲያልቅ መዝገቡ ለተወሰኑ ቀናት ክፍት ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ሳምንት ያህል፣ ቀኑ ማስታወቂያው ላይ አለ። ያላነበቡትን፣ ፎቶዎቹን፣ የ311 ቁጥሮቹን በዚህ ጊዜ ያስገቡ። መናገር ያልቻለ ጎረቤትም በጽሑፍ ብቻ ቃሉን መስጠት ይችላል።

ረቂቅ ሕግ ከሆነ ቀጥሎ ኮሚቴው አሻሽሎ ይመርጥበታል፣ ከዚያ በሙሉ ምክር ቤት ሁለት ጊዜ ይነበባል፤ በሁለቱ ንባብ መካከል ቢያንስ ሁለት ሳምንት ያህል ልዩነት አለ። በዚያ ክፍተት ማሻሻያ ይገባል፣ ስለዚህ ለስድስቱም ቢሮዎች መጻፍ የሚጠቅመው ያኔ ነው። ከንቲባው ከፈረመ በኋላም ሕጉ የአሜሪካ ኮንግረስ በሚሰበሰብባቸው 30 ቀናት፣ የወንጀል ሕግ ከሆነ 60፣ ጠብቆ ነው የሚጸናው።

ሂሪንግ የሌለበት አንድ መንገድ አለ፦ አስቸኳይ ሕግ። 9 አባላት ከተስማሙ በአንድ ጉባኤ ይጸድቃል፣ ለ90 ቀን ይሠራል። ጽሑፉ የሚታየው ከማክሰኞው ጥቂት ቀን ቀድሞ ሊሆን ይችላል። ይህ ሲያጋጥም ረጅም ደብዳቤ መጻፊያ ጊዜ የለም፤ ሰኞ ጠዋት ለስድስቱ ቢሮ መደወል፣ ስምን፣ ዋርድን፣ የረቂቁን ቁጥርና «ደግፉ» ወይም «ተቃወሙ» የሚለውን በአንድ ደቂቃ መናገር ይበቃል። የስልኮቹ ብዛት ተቆጥሮ ለአባሉ ይነገረዋል።

ከዲሲ ውጭ ለምትኖሩ ደግሞ ደንቡ ሌላ ነው። በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ የከተማው ምክር ቤት በቅዳሜ የሚያደርገው የሕዝብ መድረክ አለ፤ አጀንዳ ላይ በሌለ ጉዳይም መናገር ይቻላል፤ ቅዳሜ መሆኑ ለሠራተኛ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ የምትናገሩት ሮክቪል በሚገኘው፣ 11 አባላት ባሉት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት ነው፤ እዚያም ቀድሞ መመዝገብ ግድ ነው።

ከሂሪንጉ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ለኮሚቴው ሠራተኛ አንድ አጭር ኢሜይል ይላኩ፦ ቀኑን፣ ስምዎን፣ የጠየቁትን ነገር፣ መሥሪያ ቤቱ ምን መለሰ የሚለውን። መልስ ካልመጣ ለዋርድ ተመራጭዎ ቢሮ ግልባጭ አድርገው ይድገሙት። የ311 ቁጥሮቹንና የጽሑፉን ቅጂ አይጣሉ፤ ጃንዋሪ ሲመጣ ያው መሥሪያ ቤት ለሚቆጣጠረው ኮሚቴ እንደገና ይቀርባል፣ እርስዎም በአንድ ዓመት ውስጥ ምን እንደተለወጠ ከቀን ጋር ይዘው ይመለሳሉ።